ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ለምን ቢሮ ይመጣሉ?

በአንድ የአካባቢ አስተዳደር የግብር መሥሪያ ቤት ውስጥ ግብር በስልክ የሚከፈልበትን መተግበሪያ (አፕ) ተጠቃሚዎች የሚረዳ ቡድን ውስጥ ሠርቻለሁ። ስልክ እናነሳለን፣ አቤቱታ እንቀበላለን፣ መጠይቅ እናዘጋጃለን፣ በየሩብ ዓመቱ ደግሞ ተጠቃሚው ምን ያህል እንደረካ ለኃላፊዎች ሪፖርት እናቀርባለን። አሁን በሌላ ቦታ ተመሳሳይ ሥራ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን በአንድ ላይ ልጻፈው ብያለሁ። የአካባቢ ግብር ለምትሰበስቡ፣ መተግበሪያ ለምትሠሩ ወይም ለምታሠሩ ሰዎች ነው።

ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልናገር። ግብር ከፋዩ የሚረካው "ከፍያለሁ፣ ተመዝግቦልኛል፣ ነገ ማንም አልከፈልክም አይለኝም" ብሎ ስልኩን ኪሱ መክተት ሲችል ነው። የገጹ ውበት፣ የቀለሙ ምርጫ፣ የምልክቶቹ አቀማመጥ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ይህ እምነት ከሌለ ሰውየው ስልኩ ላይ ከፍሎም ቢሮ ይመጣል። እኛ ጋ የሆነውም ይኸው ነበር።

ቡድኑን ስቀላቀል የነበረው መጠይቅ ብዙ ቦታ የሚታየው ዓይነት ነው። ተጠቃሚው ክፍያውን እንደጨረሰ "አገልግሎቱን እንዴት አገኙት?" የሚል ጥያቄ ከአምስት ኮከቦች ጋር ብቅ ይላል። አብዛኛው ሰው አራት ወይም አምስት ይነካል። ሪፖርት ላይ ሲቀመጥ ያምራል። ግን ጥያቄው ለማን እንደሚመጣ አስቡት። ክፍያውን ለጨረሰ ሰው ብቻ ነው። ፓስወርዱ ጠፍቶበት ገና መግቢያው ላይ የቀረው ሰው ኮከቦቹን አያያቸውም። የማረጋገጫ ኮዱ ዘግይቶበት የተወውም አያያቸውም። የቤቱ ስፋት ተሳስቶ ገብቶ አይቶ ተናዶ የዘጋውም እንደዚያው። በጣም ያልረኩት ሰዎች ከቆጠራው ውጭ ናቸው ማለት ነው።

የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ያቋቋመው የዲጂታል አገልግሎት ተቋም ለዚህ ጥሩ መላ አበጅቶ ነበር። የመንግሥት አገልግሎቶች አራት ነገሮችን አብረው እንዲለኩና ይፋ እንዲያደርጉ ጠየቀ። እነሱም የተጠቃሚ እርካታ፣ ጀምረው የጨረሱ ሰዎች ድርሻ፣ ከቢሮ ይልቅ በዲጂታል የሚገለገሉ ሰዎች ድርሻና የአንድ አገልግሎት ወጪ ናቸው። እርካታን ብቻውን አልተዉትም። እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። የኮከብ አማካይ የያዘ ሪፖርት ሲመጣላችሁ "ስንት ሰው ጀመረ? ስንቱ ጨረሰ? የቀረው የት ላይ ቀረ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ አማካዩ ብዙ አይነግራችሁም።

እኛ ደረጃ በደረጃ መቁጠር ስንጀምር ትልቁ ኪሳራ መግቢያው ላይ ሆኖ ተገኘ። የክፍያው ገጽ ላይ ይሆናል ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። ምክንያቱ ግን ስታስቡት ግልጽ ነው። የቤት ወይም የቦታ ግብር የሚከፍል ሰው አፑን የሚከፍተው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ባለፈው ዓመት የፈጠረውን ፓስወርድ አያስታውስም። ስልክ ቁጥር ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ኮዱ ወደ አሮጌው ቁጥር ይሄዳል። ስልኩንም ቀይሮ ይሆናል። ስለዚህ ለዓመታት የተመዘገበ ደንበኛ ቢሆንም እያንዳንዱ ዓመት ለእሱ የመጀመሪያው ነው። በየወሩ ግብር የሚያሳውቀው ነጋዴና የሂሳብ ሠራተኛው ግን አፑን በቃላቸው ያውቁታል። እነሱን የሚያናድዳቸው ሌላ ነገር ነው። ተመሳሳዩን መረጃ በየወሩ እንደገና መሙላት፣ ፋይል ሲጭኑ መቋረጥ፣ ገጹ በራሱ ዘግቶ ማስወጣቱ።

እነዚህን ሁለት ዓይነት ሰዎች በአንድ አማካይ ማስቀመጥ ሁለቱንም መደበቅ ነው። ለየብቻ ለኩ። በዓመት አንዴ ለሚመጣው ሰው መግቢያውን ማቅለል ከሁሉ ይቀድማል። እኛ ጋ ብዙ የረዳው ሂሳብን ለማየትና ለመክፈል ብቻ ሙሉ ምዝገባ አለመጠየቅ ነው። የይዞታ ወይም የመለያ ቁጥርና ወደ ስልክ የሚላክ ኮድ ይበቃሉ። ዝርዝር የግል መረጃ ማየት ወይም መቀየር የፈለገ ሰው ግን ሙሉ ማንነቱን ያረጋግጣል። የደኅንነት ባለሙያዎቻችን መጀመሪያ ተቃውመው ነበር። ተገቢ ጥያቄም አንስተዋል። የሰው ሂሳብ ለማንም ክፍት እንዳይሆን ስምና አድራሻ በከፊል ተሸፍኖ እንዲታይ ተደረገ።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። ኮከቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ የቢሮው ወረፋ አልቀነሰም። መስኮት ላይ ቆመን ስናይ ከተሰለፉት ብዙዎቹ በስልክ የከፈሉ ናቸው። አንዲት እናት ስልካቸውን ዘርግተው ያሉኝ አይረሳኝም።

"ልጄ፣ ከባንኬ ተቆርጧል። መልእክቱ ይኸው። እናንተ ጋ ገብቶ እንደሆነ እይልኝ።"

"ገብቷል እማማ። አፑ ላይም ከፍለዋል ይላል።"

"እሱንማ አይቻለሁ። ግን ወረቀት ስጠኝ። አምና ከፍዬ አልከፈልሽም ተብያለሁ።"

ክፍያው ሲያልቅ መጠይቁን ሞልተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "አዎ፣ አምስቱንም ነክቻለሁ፤ ጥሩ ነው እኮ" አሉኝ። ከልባቸው ነው ያሉት። አፑ ጥሩ ነው። የከፈሉት ገንዘብ መድረሱን ግን አላመኑትም። እኛ የጠየቅናቸው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነበር።

አለማመናቸው ደግሞ መሠረት አለው። በስልክ የሚከፈል ግብር በሁለት እግር ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ባንኩ ወይም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ከከፋዩ ሂሳብ ይቆርጣል። ከዚያ "ተከፍሏል" የሚል መልእክት ወደ ግብር ሥርዓቱ ይልካል። ያ መልእክት መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ኔትወርክ ይቋረጣል፣ የእኛ ሰርቨር ተጨናንቆ አይቀበልም፣ ወይም መልሱ ዘግይቶ ይደርሳል። በዚህ መሃል ገንዘቡ ተቆርጧል፤ አፑ ግን "አልተከፈለም" ይላል። ሰውየው ክው ይላል። ብዙዎች እንደገና ይከፍላሉ። ቅጣትና ወለድ ስለሚፈሩ ሁለት ጊዜ መክፈሉ ይሻላቸዋል። ይህን የቀመሰ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አፑን ቢጠቀምም እንኳ ለማረጋገጥ ይመጣል። ለጎረቤቱም ይነግራል።

ስለ ድረ ገጽ አጠቃቀም በሰፊው የጻፈው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያስቀመጣቸው የጊዜ ገደቦች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። 0.1 ሰከንድ ውስጥ የመጣ ምላሽ ወዲያው የመጣ ይመስላል። እስከ 1 ሰከንድ የሰውየው ሐሳብ አይቋረጥም። ከ10 ሰከንድ ሲያልፍ ግን ትኩረቱ ይበተናል። ሌላ መተግበሪያ ላይ ከሆነ ትቶት ይሄዳል። ግብር ላይ ግን ትቶ አይሄድም። እንደገና ይጫናል። እንደገና መጫን ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ የክፍያ ገጽ ላይ የሚሽከረከር ክብ ብቻ አሳይቶ ሰውን ማስጠበቅ ትልቅ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ለማስተካከል የሠሩት የቴክኒክ ባልደረቦቼ ናቸው። እኔ አብሬያቸው ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ሰውየው "ክፈል" የሚለውን ከመጫኑ በፊት ለዚያ ሂሳብ አንድ ቁጥር ይፈጠራል። አሥር ጊዜ ቢጫን እንኳ ሥርዓቱ አንድ ክፍያ መሆኑን ያውቃል፤ ሁለተኛውን አይቀበልም። ሁለተኛ፣ መልእክቱ ካልመጣ የእኛ ሥርዓት ዝም ብሎ አይጠብቅም። ራሱ ወደ ባንኩ ሥርዓት "ይህ ቁጥር ተከፍሏል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ደጋግሞም ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ በየቀኑ የባንኩና የእኛ መዝገብ ጎን ለጎን ይመሳከራል፤ ያልተገናኘው በሰው እጅ ይታያል። ሦስተኛው ከሁሉ ያነሰ ክብር የሚሰጠው ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሰው ሁለት ዝርዝር የሚያስተያዩት ሠራተኞች ለተጠቃሚው እርካታ ያደረጉት ነገር ከማንኛውም አዲስ ገጽታ ይበልጣል። ስማቸው ግን በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይታይም፤ ያሳዝነኛል።

ከዚያ የሚቀረው ለሰውየው የሚነገረው ነገር ነው። "ስህተት ተፈጥሯል፣ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ" የሚለው መልእክት ክፍያ ላይ መኖር የለበትም። ሰውየው በዚያች ደቂቃ ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። ገንዘቤ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም? ግብሩ ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም? አሁን ምን ላድርግ? እርግጠኛ መሆን ካልተቻለ እሱንም በግልጽ መናገር ይሻላል። "ክፍያዎ እየተጣራ ነው። እንደገና አይክፈሉ። ውጤቱን እስከ ነገ በአጭር መልእክት እናሳውቅዎታለን። ዛሬ የጀመሩት ክፍያ ነገ ቢረጋገጥም ቅጣት የለውም።" የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሕግ ክፍል ጋር ብዙ አነጋግራናለች። ከገባች በኋላ ግን በጭንቀት የሚደውሉ ሰዎች ድምፅ ተቀየረ።

ደረሰኙም አለ። በስልክ የሚመጣ ደረሰኝ ሰው የሚያምነው ሌላ ሰው ሲቀበልለት ነው። ከባንክ ብድር ሲጠይቅ፣ ንግድ ፈቃድ ሲያሳድስ፣ ንብረት ሲያስተላልፍ "ማህተም ያለበት አምጣ" ከተባለ የእኛ ዲጂታል ደረሰኝ ዋጋ የለውም። ወደ መስኮቱ ይመለሳል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ማንም ስካን አድርጎ የሚያረጋግጥበት ኮድ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው። የሚቀበሉትን መሥሪያ ቤቶች ሄዶ ማነጋገር ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛው ከአፑ ውጭ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ባለቤት የለውም። ባለቤት ስጡት።

ስለ መለኪያዎቹ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ጥያቄ የሚመጣልኝ እዚህ ላይ ነውና። ለአጠቃቀም ቅለት ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀውን አሥር ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ ተጠቅመናል። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ SUS (ሱስ) ይባላል፤ ነፃ ነው፣ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከ1 እስከ 5 ይመለሳል። ተራ ቁጥራቸው ጎዶሎ (1፣ 3፣ 5…) ከሆኑት ዓረፍተ ነገሮች መልስ ላይ 1 ይቀነሳል፣ ተራ ቁጥራቸው ተጋማሽ (2፣ 4፣ 6…) የሆኑት መልስ ደግሞ ከ5 ላይ ይቀነሳል፣ ድምሩ በ2.5 ይባዛል። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ነው። መቶኛ ግን አይደለም። በብዙ ጥናቶች የተሰበሰበው አማካይ 68 አካባቢ ስለሆነ 70 ያገኘ አፕ "70 በመቶ ተጠቃሚ ረክቷል" ማለት አይቻልም። መካከለኛ ነው ማለት ነው። ኃላፊዎች ፊት ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ግን ቀድማችሁ ካልተናገራችሁ ቁጥሩ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ሌላው፣ ዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ አዎንታዊ ቀጣዩ አሉታዊ እየሆኑ ነው የሚሄዱት። በጽሑፍ ችግር የለውም። በስልክ ስታነቡላቸው ግን ሰዎች ይምታታባቸዋል። በስልክ የምትጠይቁ ከሆነ ቀስ በሉ፣ መልሱንም መልሳችሁ አረጋግጡ።

"ይህን አገልግሎት ለወዳጅዎ ይመክራሉ?" የሚለውን ጥያቄ ግን ተዉት። ለሱቅና ለስልክ ኩባንያ የተሠራ ነው። ግብር ከፋይ ሌላ የሚሄድበት የለውም። "መክፈል ግዴታ ነው፣ ምን እመክረዋለሁ?" ይሏችኋል፤ እውነታቸውንም ነው።

አንድ ግራ ያጋባን ውጤት ነበር። በዕድሜ የገፉት፣ አፑ ይከብዳቸዋል ያልናቸው፣ ከወጣቶቹ የተሻለ ነጥብ ሰጡ። የደንበኞችን እርካታ ያጠናው ሪቻርድ ኦሊቨር እ.ኤ.አ. በ1980 የጻፈው ሐሳብ ያኔ ነው የገባኝ። እርካታ ማለት የጠበቅከው ካገኘኸው ጋር ሲነጻጸር የሚመጣ ስሜት ነው ይላል። አረጋውያኑ የሚያወዳድሩት ከጠዋት ጀምሮ ከሚቆሙበት ወረፋ ጋር ነው። ወጣቶቹ የሚያወዳድሩት ስልካቸው ላይ ካለው የባንክ አፕ ጋር ነው። አፑ አንድ ነው፣ መለኪያቸው ግን ሁለት። ከዚህ የሚከተል ነገር አለ። ወረፋውን የረሳ ትውልድ እየበዛ ሲሄድ፣ አፑ ምንም ሳይበላሽ ነጥቡ ይወርዳል። ስለዚህ የአምናውን ከዘንድሮው ስታወዳድሩ በዕድሜና በልምድ ከፋፍላችሁ ተመልከቱ።

ሦስተኛው የረዳኝ የመረጃ ሥርዓት ተመራማሪዎቹ የዴሎንና የማክሊን ሞዴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቶ በ2003 ተሻሽሏል። የመረጃ ሥርዓትን ጥራት በሦስት ይከፍለዋል። የሥርዓቱ ጥራት፣ የመረጃው ጥራትና የአገልግሎቱ ጥራት፤ ሦስተኛው በ2003 የተጨመረ ነው። አቤቱታዎችን በእነዚህ ሦስት ቅርጫቶች ስንለያቸው ትልቁ ክምር የመረጃው ሆነ። የአፑ ቴክኒክ አልነበረም። ቤቱ ከተሸጠ ቆይቷል፣ ሂሳቡ የሚመጣው ግን በቀድሞው ባለቤት ስም ነው። ስፋቱ በእጥፍ ተመዝግቧል። የተከፈለ ውዝፍ አሁንም ይታያል። የተዘጋ ንግድ ግብር ይጠየቃል። እነዚህ ሁሉ ከአፑ በፊት የነበሩ ናቸው። ወረቀት ላይ ስለነበሩ ማንም አያያቸውም ነበር። አፕ ሲመጣ የመዝገብ ቤቱ ገመና ሁሉ አደባባይ ወጣ። ሰውም "ይሄ አፕ አይረባም" አለ።

በአካባቢ አስተዳደር ደረጃ ይህ ከየትም ይብሳል ብዬ አስባለሁ። የደመወዝ ግብር አሠሪው ቆርጦ ያስገባዋል። የአካባቢ ግብር ግን ከቤት፣ ከመሬት፣ ከትንሽ ንግድ ጋር የተያያዘ ነው። መረጃው ሰውየው በዓይኑ የሚያየው ነገር ነው። የራሱን ግቢ ስፋት ያውቃል። ስህተቱን በአንድ እይታ ይለየዋል። ስለዚህ ሂሳቡ ብቻውን አይበቃም። በምን ስፋት፣ በምን ምጣኔ፣ በየትኛው ዓመት ውዝፍ እንደተሰላ በሦስት አራት መስመር አሳዩት። ከጎኑ "መረጃው ትክክል አይደለም" የሚል ቁልፍ ይኑር፤ ማን መቼ እንደሚመልስለትም ይነገረው። የማያከራክረውን ክፍል ከፍሎ የሚያከራክረውን ማቆየት ቢችል ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ይህ በሁሉም ቦታ በሕጉ ላይፈቀድ ይችላል፤ የሚፈቀድበት ካለ ግን አፑም ሊፈቅድ ይገባል።

መጠይቁ ላይም ግብሩንና አፑን ለዩአቸው። "የተጠየቁት ግብር ተገቢ ነው ብለው ያምናሉ?" አንድ ጥያቄ ነው። "አፑን መጠቀም ቀላል ነበር?" ሌላ። ካልለያችኋቸው የግብር ምጣኔ በጨመረበት ዓመት የአፑ ነጥብ ይወድቃል፤ የቴክኒክ ቡድኑም ባልሠራው ይወቀሳል።

ከመጠይቅ ሁሉ ያስተማረኝ ግን ሰው አጠገብ ተቀምጬ ማየት ነው። አምስት ሰው ያህል ብቻ ማየት አብዛኛውን የአጠቃቀም ችግር ያወጣል የሚለው የኒልሰን ምክር በእኛም ልምድ ሠርቷል። ደንቡ አንድ ነው፦ ስልኩን አትንኩ። እጃችሁ ይበላችኋል፤ ግን አትንኩ። ሰውየው ሲቸገር "እዚህ ጋ ነው" ካላችሁ ማየቱ አበቃ። እንዲህ ስናይ ነው በየትኛውም መጠይቅ ያልመጡ ነገሮች የወጡት። ኮዱን ለማየት ወደ መልእክት ሳጥኑ ሲሄዱ አፑ ይዘጋል፤ ሲመለሱ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የጽሑፍ ሰሌዳው ሲከፈት "ቀጥል" የሚለውን ቁልፍ ይሸፍነዋል። የስልኩ ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ አፑ ከሚቀበለው መጠን ይበልጣል፤ አፑ ግን ለምን እንዳልተቀበለ አይናገርም። ነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ፊደል ፀሐይ ላይ ጨርሶ አይነበብም። ለዚህ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ተራ ጽሑፍና የኋላ ቀለሙ ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የብርሃን ልዩነት እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ርካሽ ማስተካከያ ነው። ወዲያው ይሠራል።

ሌላም አየን። ብዙ ሰው አፑን ራሱ አይጠቀምም። ልጁ ትከፍልለታለች፣ የሂሳብ ሠራተኛው ያሳውቅለታል፣ ስልክ የሚገባው ጎረቤት ያግዘዋል። ፓስወርዱን ይሰጣቸዋል ማለት ነው። አደጋ ነው። በአፑ ውስጥ ሕጋዊ ውክልና መስጠት ከተቻለ ግን ሰውየው ፓስወርዱን ለማንም አይሰጥም። ወኪሉ የሚያየው የተፈቀደለትን ብቻ ነው። የእርካታ ጥያቄውም ለሁለቱም መሄድ አለበት። የከፈለችው ልጅ ረክታ አባትየው ሌሊቱን ሲጨነቅ ሊያድር ይችላል።

የምትለኩበትን ጊዜም አስቡበት። የግብር አገልግሎት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የመክፈያው የመጨረሻ ቀናት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ሲስተሙ ይንቀራፈፋል፣ ስልካችን አያቋርጥም። ያኔ ያልተለካ እርካታ እውነተኛው አይደለም። ፀጥ ባለው ወር ብቻ የሚለኩ ቦታዎች አውቃለሁ። ቁጥሩ ያምራል፣ ግን ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ሌሊት ነው። ሁለቱንም ለኩ፣ ለየብቻም አቅርቡ።

አፕ ሲመጣ መስኮት መዝጋትን አልደግፍም። ሰው በግድ ሲገባ የዲጂታል ተጠቃሚ ቁጥር ይጨምራል፣ እርካታው ይወርዳል። ስማርት ስልክ የሌለው፣ የማያነብ፣ ማየት የተሳነው ሰውም ግብር ከፋይ ነው። መስኮቱ ክፍት ሆኖ ወረፋው በራሱ ሲያጥር ያኔ አፑ ሠርቷል ማለት ነው።

ሌሎች አገሮች ወዴት እንደሄዱ ማየትም ይጠቅማል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሞላውን የገቢ ግብር ማስታወቂያ ለግብር ከፋዩ ይልካል፤ ሰውየው አይቶ ማስተካከል ብቻ ነው። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በኢንተርኔት ታሳውቃለች፣ ቅጹም አስቀድሞ የተሞላ ነው። እነዚህ የማዕከላዊ መንግሥት ግብሮች ናቸው። ሐሳቡ ግን ለአካባቢም ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀውን ሰውየውን እንደገና አይጠይቀው።

ለግብር ከፋዮችም ጥቂት ልበል። "እየተጣራ ነው" ሲላችሁ እንደገና አትክፈሉ። ከባንክ የመጣው መልእክት ላይ ያለውን የግብይት ቁጥር አታጥፉት፤ መዝገብ ላይ የምንፈልገው በእሱ ነው። ገጹን ፎቶ አንሱት። አቤቱታ ስትጽፉ "አይሠራም" ብቻ አትበሉ። ስንት ሰዓት ላይ፣ የትኛው ገጽ ላይ፣ ምን ብሎ እንደቆመ ብትጽፉ የሚያነበው ሠራተኛ በዚያው ቀን ሊያገኘው ይችላል። ሂሳቡ ስህተት ከመሰላችሁም ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ጠይቁ። ፓስወርድና የማረጋገጫ ኮድ ደግሞ ለሚደውልላችሁ ሰው አትስጡ፤ ከግብር መሥሪያ ቤት ነኝ ቢልም።

በመጨረሻ እኛ ጋ ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመችው አንዲት ጥያቄ ናት። ክፍያው ካለቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ በአጭር መልእክት ትላካለች። "ከከፈሉ በኋላ መመዝገቡን ለማረጋገጥ ደውለዋል ወይም ቢሮ መጥተዋል?" አዎ ወይም አይ። ኮከብ የላትም። አዎ ላለ ሰው እንደውላለን፣ ለምን እንደመጣም እንጠይቀዋለን። ከእነዚህ ስልኮች የተማርነው ከሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሁሉ ይበልጣል። ሰዎችም ይገረማሉ። "ባለፈው ያሉንን አስተካክለናል" ብሎ መልሶ የሚደውል መሥሪያ ቤት አልለመዱም።

እስከ ወጣሁበት ጊዜ ድረስ ያልተፈታ አንድ ነገር ነበር፤ ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ገንዘብን መመለስ። ሲቆረጥ በሰከንድ ነው፣ ሲመለስ ግን በደብዳቤ፣ በፊርማና በኮሚቴ። ይህ በአፕ ሠሪ አይፈታም። የሂሳብ አሠራሩን ማሻሻል የሚችል ኃላፊ ይፈልጋል። በእጃችሁ ሥልጣን ያላችሁ ከሆነ አዲስ ገጽታ ከማሠራታችሁ በፊት በዚህ ጀምሩ። ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስም ለዚያ ሰው የእርካታ መጠይቅ አትላኩለት። ገንዘቡ የት እንደደረሰ የሚነግረው መልእክት ላኩለት።